ለኮምፒውተር ሥራ የሚሆን መነጽር አመራረጥ፦ መጀመሪያ ርቀታችሁን ለኩ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መነጽር ቤት የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ ነው፦ «ለኮምፒውተር የሚሆን መነጽር አላችሁ?» ጠያቂው አንድ ቀን የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ሌላ ቀን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላ ቀን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚተይብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ብዙው መልሱን ራሱ ይዞ ይመጣል፦ «ብሉ ከቱን ስጡኝ»። የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ያግዳል የሚባለውን ሌንስ ማለቱ ነው።

እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ከስክሪኑ ምን ያህል ርቀው ነው የሚቀመጡት?» ለክቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዋናው ነገር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። «የኮምፒውተር መነጽር» የሚባል፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዕቃ የለም። ያለው ለእናንተ ዓይን፣ ለእናንተ ዕድሜና ለእናንተ ጠረጴዛ የሚሆን ቁጥር ነው። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ከሠራችሁ መነጽር ቤት ገብታችሁ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ። ምናልባትም መነጽር ጭራሽ እንደማያስፈልጋችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።
- ሚሊ ሜትሩ በግልጽ የሚነበብ ማስመሪያ።
- የድሮ መነጽራችሁና የድሮ የምርመራ ወረቀታችሁ፣ ካለ።
- ብዕርና ወረቀት።
- የሚለካችሁ አንድ ሰው።
- የእጅ ባትሪ ያለው ስልክ።

1. ችግሩን መነጽር የሚፈታው መሆኑን ለዩ

«ዓይኔን ደከመኝ» ሲባል ከጀርባው ብዙ የተለያየ ነገር አለ። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የሚሰማችሁን ከነሰዓቱ ጻፉ።

ዓይናችሁ የሚቆጠቁጥ፣ የሚደርቅ፣ አሸዋ የገባበት የሚመስል ከሆነ ዋናው ችግር ብዙውን ጊዜ ድርቀት ነው። ሰው እንደልቡ ተቀምጦ ሲጫወት በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ብቻ የሚያርገበግብ ብዙ ነው። እንባው ዓይኑን በደንብ ሳያለብሰው ይደርቃል። በበጋ፣ አቧራውና ነፋሱ ሲጨመርበት ይብሳል። ይሄን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም።

ፊደሉ የሚደበዝዝባችሁ፣ ማታ ማታ ግንባራችሁን የሚያማችሁ፣ ከሥራ ስትወጡ ሩቅ ያለ ሰው ለጥቂት ጊዜ ብዥ የሚልባችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቁጥር ሊሆን ይችላል። መነጽር አድርጋችሁም አንገታችሁና ትከሻችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ፣ የያዛችሁት መነጽር ለምትቀመጡበት ርቀት ያልተሠራ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ሳምንት ይሄን ሞክሩ፦ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ። በመስኮት ውጭ ያለ ዛፍ ይሆናል። ለምን? ቅርብ ስናይ ዓይን ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ተኮማትሮ ይቆያል፤ ሩቅ ስናይ ነው የሚላላው። ሆን ብላችሁም ዓይናችሁን ሙሉ በሙሉ እየከደናችሁ አርገብግቡ። የፊደሉን መጠን ከፍ አድርጉ። በዚህ ብቻ የተሻለው ሰው ብዙ ነው፤ ያ ሰው ገንዘቡን በኪሱ ይያዝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አካባቢ ትራኮማ ገና አልጠፋም። በትራኮማ ምክንያት የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን ሲነካ የሚሰማው ስሜትም የመቆርቆር ነው። ዓይናችሁን የሚቆረቁራችሁ ኮምፒውተር በማትነኩበት ቀንም ከሆነ በስክሪን አታመካኙ፤ ታዩ።

2. ርቀታችሁን ለኩ

ይሄ የሁሉም መሠረት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይሄ ነው።

ሥራ ላይ እንደምትቀመጡት ተቀመጡ። ለመለካት ብላችሁ ቀና አትበሉ። ረዳታችሁ የሜትሩን ጫፍ ከዓይናችሁ ጎን ይያዝና እስከ ስክሪኑ ፊት ይለካ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጻፉ፦ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕ፣ ጠረጴዛ ላይ የምታነቡት ወረቀት ወይም መዝገብ፣ ስልክ። ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ላፕቶፕ ወደ 50 ይጠጋል። ወረቀት 40 አካባቢ ነው፣ ስልክ ከዚያም ይቀርባል።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 100ን ለርቀቱ ስታካፍሉ ዓይን በዚያ ርቀት ጠርቶ ለማየት የሚያስፈልገውን ኃይል በዲዮፕተር፣ ማለትም የመነጽር ቁጥር በሚለካበት መለኪያ፣ ታገኛላችሁ። ለ40 ሳንቲ ሜትር 2.50 ነው። ለ50 ሳንቲ ሜትር 2.00፣ ለ66 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 1.50 ገደማ። ወጣት ዓይን ይሄን ኃይል ከራሱ ያወጣል። ከ40 ዓመት በኋላ ግን ቀስ በቀስ ያቅተዋል፣ ያኔ የጎደለውን መነጽር ይሞላለታል።

ሒሳቡን ገልብጡት፣ ይበልጥ ይጠቅማል። 100ን ለማንበቢያ መነጽራችሁ ቁጥር አካፍሉ። የሚወጣው፣ ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቶ ለሚያይ ሰው፣ መነጽሩ አጥርቶ የሚያሳይበት የመጨረሻው ርቀት ነው። ማንበቢያው +2.00 ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ያለው ይደበዝዛል። +2.50 ከሆነ 40 ሳንቲ ሜትር። +1.50 ከሆነ 66። +1.00 ከሆነ 1 ሜትር።

አያችሁ? +2.00 የማንበቢያ መነጽር ያደረገ ሰው 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ዴስክቶፕ ፊት ሲቀመጥ ፊደሉ ሊጠራለት አይችልም። ሳያውቀው ወደ ስክሪኑ ይጎነበሳል። ማታ ወገቡንና አንገቱን ያመዋል፣ ከዚያ «ኮምፒውተር ዓይኔን አጠፋው» ይላል። መነጽሩ ግን ጤነኛ ነው፤ የተሠራው ለመጽሐፍ ነው።

3. ዓይናችሁን ተመርመሩ

ቁጥር በግምት አይገዛም። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ እዚህ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አላቸው። በግል የሚሠሩ የዓይን ክሊኒኮችም አሉ። ከሞጣ፣ ከቢቸና ወይም ከቡሬ ተነሥታችሁ የምትመጡ ከሆነ የጻፋችሁትን የርቀት ወረቀትና የድሮ መነጽራችሁን ሳትይዙ አትምጡ፤ ለዚያ ብላችሁ ሁለተኛ መንገድ ትመጣላችሁ።

ቢቻል ጠዋት ሂዱ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ዓይን ጡንቻው ስላልላላ ቁጥሩን ሊያዛባው ይችላል። በተለይ ወጣቶች ላይ ማሽኑ ከእውነተኛው የበዛ የቅነሳ ቁጥር፣ ማለትም ሩቅ ለማየት ለሚቸገር የሚሰጠውን፣ ሊያወጣ ይችላል። አገጫችሁን አስደግፋችሁ የምታዩበት ማሽን የሚያትመው ቁጥር መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ መርማሪው ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይገባል። ይሄ ሳይሆን የማሽኑ ወረቀት ብቻ ከተሰጣችሁ «በሌንስ ይሞከርልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው።

ለመርማሪው እነዚህን ንገሩት፦

- በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ላይ እንደምትውሉ።
- የለካችሁትን ርቀት፣ በተለይ የዋናውን ስክሪን።
- የስኳር ሕመም ካለባችሁ። ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ቁጥርም ይለዋወጣል። ስኳራችሁ ሳይረጋጋ የተሠራ መነጽር በሳምንታት ውስጥ ላይሆናችሁ ይችላል።
- የምትወስዱትን መድኃኒት። አንዳንዱ ዓይን ያደርቃል።

4. የምርመራ ወረቀቱን አንብቡ

ወረቀቱ ላይ ቀኝና ግራ ዓይን ለየብቻ ይጻፋሉ። ቀኝ «ኦዲ»፣ ግራ «ኦኤስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ስፌር» የሚለው ዋናው ቁጥር ነው፦ ቅነሳ ምልክት ያለው ሩቅ ለማየት ለሚቸገር፣ ድምር ምልክት ያለው በአብዛኛው ቅርብ ለማየት ለሚቸገር። «ሲሊንደር» እና «አክሲስ» አስቲግማቲዝም ላለበት፣ ማለትም የዓይኑ ፊት እኩል ክብ ስላልሆነ ፊደል ለሚደበዝዝበት ሰው የሚጻፉ ናቸው፦ ሲሊንደር መጠኑ፣ አክሲስ አቅጣጫው። «አድ» ለቅርብ ሥራ በሩቁ ቁጥር ላይ የሚደመረው ነው። «ፒዲ» በሁለቱ ብሌኖች መሐል ያለው ርቀት ነው።

ሲሊንደሩን አትናቁት። 0.50 ወይም 0.75 ብትሆንም ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ፊደል ለሚያነብ ሰው ግንባሩን ልታሳምመው ትችላለች። መንገድ ላይ የሚሸጠው ዝግጁ ማንበቢያ ሲሊንደር የለውም፤ ለብዙ ሰው የማይመቸውም ለዚህ ነው።

5. የሌንሱን ዓይነት በዕድሜና በርቀት ምረጡ

ከ40 ዓመት በታች ከሆናችሁ ነገሩ አጭር ነው። ለሩቅ ቁጥር ካላችሁ እሱኑ በትክክል አሠሩና ኮምፒውተሩም ላይ አድርጉት። ቁጥር ከሌላችሁ፣ ምርመራውም ደህና ካለ፣ መነጽር አትግዙ።

ከ40 በኋላ ያለው ሰፋ ያለ ነው። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው።

ባለ አንድ ቁጥር ሌንስ፣ ለስክሪኑ ርቀት ብቻ የተሠራ። ቀኑን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምክር ይሄ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል፣ ሌንሱ ከዳር እስከ ዳር ይጠራል፣ መልመጃ ጊዜም ብዙ አይፈልግም። ቁጥሩ እንዴት ይገኛል? ወረቀት ላይ የተጻፈው አድ ለ40 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ65 ሳንቲ ሜትር ስክሪን ከዚያ ላይ ወደ 1.00 ይቀነሳል። ለምሳሌ የሩቅ ቁጥራችሁ +0.50፣ አዱ +2.00 ቢሆን፣ የማንበቢያው +2.50 ነው፣ የኮምፒውተሩ ግን +1.50 ገደማ። የሩቅ ቁጥራችሁ -1.00፣ አዱ +2.00 ቢሆን ደግሞ የኮምፒውተሩ ዜሮ ይመጣል። «መነጽሬን ሳወልቅ ኮምፒውተሩ ይጠራልኛል» የሚሉ ሰዎች ምሥጢር ይሄ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፣ መጨረሻ ላይ ግን መርማሪው በሌንስ ይሞክርላችሁ።

ባይፎካል። ላይኛው ለሩቅ፣ ታችኛው ለመጽሐፍ ነው። ስክሪኑ መሐል ላይ ነው፣ ከሁለቱም ውስጥ የለም። ከፍኖተ ሰላም የመጡ አንድ ጋሼ አንገታቸውን እያመማቸው ነበር። «ጋሼ፣ እስኪ ቢሮ እንደሚቀመጡት ሆነው ይቀመጡ» ብያቸው ከሱቁ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ወዲያው አገጫቸው ወደ ላይ ተነሣ፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ታጠፈ፣ በታችኛው መስኮት ሊያነቡ። «እንዲህ ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት?» ስላቸው «እንዴት ልሁን ታዲያ? ካላነሣሁት አይነበብም» አሉ። ባይፎካሉን ለመንገድና ለመጽሐፍ አስቀምጠው ለጠረጴዛቸው ባለ አንድ ቁጥር አሠሩ። ባይፎካል ለኮምፒውተር ሥራ አይሆንም።

ፕሮግረሲቭ። ከላይ ወደ ታች ቁጥሩ ቀስ እያለ ይቀየራል፣ ስለዚህ የስክሪኑ ርቀትም ውስጡ አለ። ግን የመሐሉ መስመር ጠባብ ነው፣ ዳርና ዳሩም ይደበዝዛል። ከደንበኛ ጋር እያወራ፣ ስክሪን እያየ፣ ወረቀት እየፈረመ ለሚውል ሰው ይመቻል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ለሚተይብ ሰው ግን ጭንቅላት እያዞሩ መሥራት ያሰለቻል።

የቢሮ ፕሮግረሲቭ። ሩቁን ትቶ ስክሪንና ወረቀትን ብቻ በሰፊው የሚያሳይ ነው። ሁለት ስክሪንና መዝገብ ላለው ሰው በጣም ጥሩ ነው። አዝዛችሁ መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ዋጋውም ይከብዳል። አድርጋችሁት መኪና ወይም ሞተር አትንዱ።

6. ሽፋኑን ምረጡ

ለስክሪን ሥራ ገንዘብ ልታወጡበት የሚገባ ሽፋን አንድ ነው፦ ፀረ ነጸብራቅ። ሽፋን የሌለው ተራ ፕላስቲክ ሌንስ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ከጀርባችሁ ያለ መስኮት ወይም ከላይ ያለ አምፖል ሌንሱ ላይ እንደ ጥላ እየተንሳፈፈ ፊደሉን ያደበዝዛል። ጥሩ ፀረ ነጸብራቅ ይሄን ወደ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል።

መኖሩን በራሳችሁ አረጋግጡ። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ሌንሱ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ እዩ። ነጭና ደማቅ ከሆነ ሽፋን የለውም። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ አለው። ሁለቱንም ሌንሶች እዩ፣ የፊቱንም የኋላውንም ገጽ።

ብሉ ከትስ? በ2023 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ተመራማሪዎች 17 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ከተራ ሌንስ ጋር ሲተያይ የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ስክሪን የሚያወጣው ሰማያዊ ብርሃን ደጅ ወጥታችሁ ከሰማይ ከምታገኙት በጣም ያነሰ ነው። ሻጩ በትንሽ ባትሪ ሰማያዊ ጨረር ካርድ ላይ አብርቶ፣ ሌንሱን ጣልቃ አስገብቶ «ይኸው፣ አሳለፈው?» ሲላችሁ የምታዩት ነገር እውነት ነው። ግን ያ ባትሪ የሚያወጣው በአብዛኛው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ነው፤ ስክሪን የሚያወጣው ዋና ሰማያዊ ከዚያ የተለየ ነው። ብሉ ከት ዓይን አይጎዳም። የያዛችሁት ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን ለምርመራውና ለፀረ ነጸብራቁ ክፈሉ።

ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው ሌንስ ለደጅ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል። ስለዚህ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ጥሩ ነው፣ ለስክሪን ድካም ግን አይረዳም።

7. ፍሬሙን ምረጡ

በፍሬሙ ክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ለምሳሌ 52፣ 18፣ 140። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ ሁለተኛው የአፍንጫው ድልድይ፣ ሦስተኛው የክንዱ ርዝመት ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ሁለቱን የመጀመሪያዎች ደምሩ፣ 70 ይመጣል። ይሄ ቁጥር ወደ ፒዲያችሁ በቀረበ ቁጥር ዓይናችሁ ሌንሱ መሐል ላይ ይውላል። ፒዲያችሁ 60 ሆኖ ፋሽን ነው ብላችሁ ድምሩ 76 የሆነ ሰፊ ፍሬም ከመረጣችሁ ዓይናችሁ ወደ አፍንጫ ዳር ይጠጋል፣ ሌንሱም ዳር ዳሩ ይወፍራል።

ለሰዓታት የሚደረግ ስለሆነ ቀለል ያለውን ምረጡ። አጎንብሳችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፤ ከተንሸራተተ አልሆነም። ሲንሸራተት የሌንሱ መሐል ከዓይናችሁ በታች ይወርዳል፣ ቁጥሩም እንደተለካው አይሠራም። ለፕሮግረሲቭ ከብሌናችሁ እስከ ፍሬሙ ታች አብዛኛውን ጊዜ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቀጭን ፍሬም አትምረጡለት።

8. ፒዲያችሁን ለኩና የተሠራውን መነጽር ፈትሹ

ፒዲ በምርመራው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ መነጽር ቤቱ ይለካል። እናንተም ማወቁ አይከፋም። ከረዳታችሁ ጋር ፊት ለፊት በክንድ ርቀት ተቀመጡ። ማስመሪያውን ግንባራችሁ ሥር፣ አፍንጫችሁ ላይ ያሳርፈው። እሱ ቀኝ ዓይኑን ይጨፍን፣ እናንተ ክፍቱን ግራ ዓይኑን እዩ። የማስመሪያውን ዜሮ ቀኝ ዓይናችሁ ላይ ያስተካክል። ከዚያ ማስመሪያውን ሳያንቀሳቅስ ቀኙን ከፍቶ ግራውን ይጨፍን፣ እናንተም ቀኝ ዓይኑን እዩ። ግራ ዓይናችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብብ።

የእኛ ሰው ዓይን ጥቁር ስለሆነ ብሌኑ ከዙሪያው ለይቶ አይታይም። መሐሉን ከመገመት ይልቅ ከቀኝ ዓይን ጥቁር ክብ የውጭ ጠርዝ እስከ ግራ ዓይን ጥቁር ክብ የውስጥ ጠርዝ ለኩ፤ ያው ርቀት ነው፣ ስህተቱ ግን ይቀንሳል። አብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። ለቅርብ ሥራ የሚሠራ ሌንስ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ይቀነሳል፣ ዓይኖቻችን ቅርብ ሲያዩ ወደ ውስጥ ስለሚጠጉ።

መነጽሩ ተሠርቶ ሲሰጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አድርጉ፦

- በክንድ ርቀት ይዛችሁ በአንዱ ሌንስ የመስኮት ቋሚ እንጨት እዩ። ሌንሱን ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱ እንጨቱ አብሮ ከሄደ ቁጥሩ ቅነሳ ነው፤ ወደ ተቃራኒው ከሄደ ድምር ነው። ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን እዩ።
- ሌንሱን እንደ መሪ በቀስታ አዙሩት። እንጨቱ እየተጋደመ ከተጣመመ ሲሊንደር አለው። ወረቀታችሁ ላይ ሲሊንደር ከሌለ መጣመም የለበትም፣ ካለ ደግሞ መጣመም አለበት።
- በሜትር በለካችሁት ርቀት ላይ ስክሪን ወይም የታተመ ወረቀት አስቀምጡና አንብቡ። በስልክ ብቻ አትፈትኑ፣ ስልክ ቅርብ ነው።
- መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አንዱ ክንድ ከተነሣ ይስተካከልላችሁ።

9. ጠረጴዛውን ከመነጽሩ ጋር አስማሙ

የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ወደ ታች ስናይ የዓይን ሽፋን ዝቅ ስለሚል ዓይኑ ቶሎ አይደርቅም። ፕሮግረሲቭ የምታደርጉ ከሆነ ከዚያም ዝቅ አድርጉት። መስኮቱ በጎናችሁ ይሁን፣ ከፊትም ከኋላም አይሁን። መብራት ሲጠፋ በጨለማ ክፍል በላፕቶፕ ባትሪ መቀጠል ካለባችሁ የስክሪኑን ድምቀት ቀንሱት።

ማስጠንቀቂያ

ድንገት ዕይታ መጥፋት፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን፣ እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥቁር ነገር፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ከባድ የዓይን ሕመም ከማስመለስ ጋር፦ ከእነዚህ አንዱ ካለ መነጽር ቤት አትምጡ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዓይን ጠብታ ከፋርማሲ አትግዙ። ዴክሳሜታዞንና የመሳሰሉት ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች መቅላትን ቶሎ ያጠፋሉ፣ ለዚህም ሰው ይወዳቸዋል። ለረጅም ጊዜ ሲደረጉ ግን የዓይን ግፊት ጨምረው ግላኮማ፣ እንዲሁም ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። ለድርቀት የሚሆነው ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ነው፤ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን በስሙ ጠይቁ። የዕፅዋት ጭማቂና የጡት ወተትም ዓይን ውስጥ አታድርጉ፤ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ለልጅ በግምት መነጽር አትግዙ። የልጅ ዓይን ጡንቻ ብርቱ ስለሆነ ቁጥሩን ይሸሽጋል፤ ብዙ ጊዜ ጠብታ ተደርጎለት መለካት አለበት።

የተለመዱ ስህተቶች

የሌላ ሰው መነጽር ሞክሮ «ይሄ ጠራልኝ» ብሎ ያንኑ ቁጥር ማዘዝ። የጠራው ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ፒዲውም ሲሊንደሩም የእናንተ አይደለም።

«ጠንከር ያለ ቁጥር ይሻላል» ማለት። ለማንበቢያ ቁጥር ሲበዛ ርቀቱ ያጥራል። የሁለተኛውን ደረጃ ሒሳብ አስታውሱ።

ዝግጁ ማንበቢያን በጅምላ መጥላት። ሁለቱ ዓይኖቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው፣ ሲሊንደር የሌለው ሰው ለስክሪኑ ርቀት የሚሆን +1.00 ወይም +1.25 ዝግጁ መነጽር ቢያደርግ ምንም አይሆንም። ብቻ የተመረመረ ይሁን። ቀጥ ያለ መስመር በሌንሱ አሻግራችሁ ስታዩ የሚወላገድ ከሆነ ተዉት።

ቢሮ ውስጥ የፀሐይ መነጽር ማድረግ። ብሌን ይሰፋል፣ ፊደል ይበልጥ ይደበዝዛል።

በደረቁ መወልወል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ የሚወለወል ሌንስ ላይ ያለው አቧራ ሽፋኑን ይፍቀዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ከመነጽሩ ጋር በተሰጣችሁ ለስላሳ ጨርቅ አድርቁ። የፈላ ውኃ፣ ምድጃ አጠገብና ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ፀረ ነጸብራቁን ያሰነጣጥቁታል።

አልለመደኝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መጣል። ባለ አንድ ቁጥር በጥቂት ቀናት፣ ፕሮግረሲቭ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ከሆነ መነጽሩንና የምርመራ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሠራው ቤት ተመለሱ። መጀመሪያ ቁጥሩን በመለኪያ ማሽናቸው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፣ ከዚያ ፒዲውንና አክሲሱን። ሦስቱም ከገጠሙ ስህተቱ ከምርመራው ሊሆን ስለሚችል ወደ መርማሪው ሂዱ፣ የለካችሁትን የስክሪን ርቀትም ዳግም አሳዩት።